ቀበቶ ያዡ

ውድ ልጄ ክሊፍተን፣

«እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶት ነው። እስክሪብቶውን አስቀምጬ እንደገና አነሳሁት። እንደምታውቀው እኔ ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው። ያንተ ስልክ ሁልጊዜ ስለሚቀድመኝ ጀምሬ የተውኩት ደብዳቤ ብዙ ነው። ይሄኛውን ግን እጨርሰዋለሁ፤ አሁን የሚቀድመኝ ስልክ የለም።

የምጽፍልህ ስለ ቅዳሜ ነው። ከሆሊስ ሪጅ ኮሌጅ ደውለውልኝ ነበር። ቅዳሜ የዓመቱ የመጀመሪያ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ነው፤ አንተ ዋና አሰልጣኝ ሆነህ ልትመራው የነበረው። ሜዳው ዳር፣ አንተ ልትቆምበት በነበረው ቦታ፣ ከቡድኑ ጋር እንድቆምላቸው ይፈልጋሉ። ሚስትህ ማርላ «እኔ ካጠገብሽ አልለይም» ብላኛለች። እኔ እሺም እንቢም አላልኩም። ሰኔ ላይ ልብህ ከቆመ ወዲህ ቴሌቪዥኑን እንኳ ከፍቼው አላውቅም። ሌላ ሰው በቦታህ ቆሞ ሲጮህ ማየት የምችል አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ሥራህን ሳስብ ነው የዋልኩት። ጉልበትህ ተጎድቶ መጫወት ስታቆም ወደ ቤት ይመለሳል ብዬ ክፍልህን ቀለም አስቀብቼ ነበር። አንተ ግን «እማ፣ ረዳት አሰልጣኝ ሆንኩ» ብለህ ደወልክ። ዶሮ ጠብሼ፣ ጎረቤቴን ቨርናን ጠርቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ዋናው አሰልጣኝ ሃርላን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ዳኛው ላይ ይጮሃል። አንተ የለህም። ቆይቶ ቨርና ጣቷን ቀሰረች።

«ያ የክሊፍተን እጅ አይደለም?»

እጅህ ነበር። ከሃርላን ጀርባ ሆኖ የሱሪውን ቀበቶ ጨምድዶ ይዟል። ሃርላን ወደ ሜዳው ሲንደረደር እጅህ ወደ ኋላ ይስባል።

«ልጅሽ ኮሌጅ ገብቶ የተማረው የሰው ሱሪ መያዝ ነው?» አለች።

«ዝም ብለሽ ዶሮሽን ብዪ» አልኳት።

በማግስቱ አስረዳኸኝ። አሰልጣኝ በንዴት ነጩን መስመር አልፎ ሜዳ ከገባ ዳኛው ቡድኑን ይቀጣል፤ ስለዚህ ከረዳቶቹ አንዱ ከኋላው ቆሞ ይይዘዋል። ሃርላን አንተን የመረጠው «ይሄ ልጅ በሬ ያቆማል» ብሎ ነው። አትጮህበትም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብለህ «መስመር፣ አሰልጣኝ» ነው የምትለው። ሌላውን ሁሉ እየሰደበ አንተን ይሰማህ ነበር። ሌሎች እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ የልጃቸውን ፊት ሲፈልጉ እኔ እጅህን እፈልጋለሁ።

ሃርላን የተባረረ ጊዜ አንተም ተባረርክ። የሰማሁት ፀጉሬን ስሠራ ከሬዲዮ ነው። ገና እንደረጠበ ወጥቼ ደወልኩልህ።

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?»

«ምንም። ዋናው ሲሄድ ረዳቶቹም አብረን ነው የምንሄደው።»

«ምን ዓይነት ደንብ ነው?»

«የኛ ደንብ ነዋ፣ እማ።»

እየሳቅክ ነበር። ማርላ ግን ከኋላህ ካርቶን ላይ ፕላስተር ስትለጥፍ ይሰማኛል። ከዚያ ካንሳስ ሄዳችሁ፣ ከዚያ ኬንታኪ፣ ከዚያ ሉዊዚያና። ማርላ የክት ሳህኖቿን ካርቶን አንድ ቀን ሳትከፍተው ከቤት ቤት ይዛው ዞራለች። አንተ በሄድክበት ሁሉ የቡድኑን ኮፍያ ትልክልኛለህ፤ እኔ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ እሰቅለዋለሁ።

ሰማያዊው ኮፍያ የመጣ ጊዜ ግን ጉድ ፈላ። እዚህ ከተማ ቀይ ያልለበሰ የለም፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ተቀናቃኞቻችን ሰማያዊዎቹ ስማቸው ሲነሳ እንኳ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። አንተ እነሱ ጋ ተቀጠርክ። ቨርና በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄ ነገር ካልወረደ እግሬ እዚህ ቤት አይገባም።»

«እንግዲያው ከደጅ ሆነሽ አውሪኝ።»

«እንኳን ባሌ ይሄን ሳያይ ሞተ።»

«ባልሽ ልጄን ይወደው ነበር።»

«ልጅሽን ነው እንጂ ኮፍያውን አይደለም» ብላ የሳህን ፎጣ አነሳችና ኮፍያውን ሸፍና ተቀመጠች። አንተ እዚያ እስከነበርክ ድረስ እሷ ስትገባ ትሸፍነዋለች፣ ስትወጣ እኔ እገልጠዋለሁ። አንድም ቀን ተጣልተንበት አናውቅም።

ተጫዋች ፍለጋ በየቤቱ ስትዞር የምትቀመጠው በእናቶች ወጥ ቤት ነበር። የሰጡህን ሁሉ ትበላለህ፤ ከዚያ መኪናህ ውስጥ ሆነህ ትደውልልኛለህ።

«የማሳምነው ልጁን አይደለም፣ እናቱን ነው።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«እናቴ እኔን እንደምትቆጣኝ እቆጣዋለሁ እላለሁ።»

«ታዲያ እንዴት እሺ ይሉሃል?» አልኩህ። ሳቅህ ይኸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

ዋና አሰልጣኝነቱን ላንተ ሳይሆን ከአንተ ለሚያንስ ሰው የሰጡት ጊዜ፣ ለምስጋና ቀን በዓል መጥተህ ሳህን እያደረቅክልኝ ነበር። «በቃ ተወው ልጄ፤ እዚሁ ሃይስኩሉ ይፈልግሃል» አልኩህ። ሳህኑን አስቀመጥክ።

«እማ፣ አንድ ቀን እኔም ቀበቶዬን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

«እኔ እይዝልሃለሁ።»

«አንቺን? እንደ ፌስታል አንጠልጥዬሽ ነው ሜዳ የምገባው።»

«ሞክረኝ» አልኩህ።

በጥር ሆሊስ ሪጅ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሲቀጥርህ ደውለህ ሌላ ነገር አላልክም። «እማ፣ የቀበቶ መያዣ ጓንት ግዢ» ብቻ አልክ። ገዛሁ እኮ። መሳቢያው ውስጥ ነው።

ዛሬ ቨርና መጥታ ነበር።

«ቅዳሜ ምን ትለብሻለሽ?»

«አልሄድም።»

«ትሄጃለሽ ወይ አላልኩም። ምን ትለብሻለሽ ነው ያልኩት።»

ቁም ሳጥኔን ራሷ ከፍታ ኮቴን አወጣች፣ ቀበቶ ያለውን ግራጫውን። «ሜዳው ነፋሻ ነው» አለችና ወንበሩ ላይ ጥላው ሄደች። እዚሁ ፊቴ ነው ያለው። እስክሪብቶዬን ልተወው፤ እጄ ደከመ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ሄድኩ።

ማርላ እጄን ይዛ ሜዳው ዳር ከተጫዋቾችህ ጋር አቆመችኝ። አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ያንተ ረዳት የነበረው ነው፤ ከኋላው ቀበቶውን የያዘ ሰው አለ። እሱን ሳይ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩት። ጓንቶቹ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ልመለስ ብዬ ለማርላ ልነግራት ስል አንድ በር የሚያህል ልጅ ሄልሜቱን አውልቆ መጣ። ዴሾን ይባላል።

«እማማ፣ አሰልጣኝ ክሊፍተን ቤታችን መጥቶ ነበር። የእናቴን የኮክ ኬክ ጨርሶት ለኔ አላስተረፈም።»

«እሱ እንዲያ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ መመለሱን ተውኩት።

ወደ መጨረሻው ኳሷ ከተቃራኒው ልጅ እጅ አምልጣ ወደቀች፤ ዴሾን አነሳት። እሱ ለመግፋት እንጂ ለሩጫ የተፈጠረ ልጅ አይደለም። ግን ሮጠ። ሁሉም ይጮሃል። መቼ መራመድ እንደጀመርኩ አላውቅም። «ሂድ የኔ ልጅ፣ ሂድ» እያልኩ ነበር። ድንገት ወገቤ ላይ ከኋላ ተያዝኩ።

«መስመር፣ ወይዘሮ ዩላ» አለኝ አንድ ድምፅ ከጆሮዬ ሥር።

ሃርላን ነው፣ የድሮው አለቃህ፤ እሱንም ጠርተውት ኖሯል። አርጅቷል፤ ከዘራውን መሬት ላይ ጥሎ በሁለት እጁ የኮቴን ቀበቶ ጨምድዷል። የጫማዬ ጫፍ ነጩ ቀለም ውስጥ ገብቷል።

«ይልቀቁኝ» አልኩት።

«አልለቅም። ልጅዎ እኔን ለቆኝ አያውቅም።»

ዴሾንን ነጥብ ከሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ ሳይደርስ ጣሉት። ተሸነፍን፣ ልጄ። ሃርላን ግን ጨዋታው እስኪያልቅ አልለቀቀኝም፤ እኔም አላስለቀቅኩትም። አንዳንዴ ሆን ብዬ ትንሽ ወደ ፊት እል ነበር፣ እጁ መኖሩን ለማወቅ። ሁልጊዜ ነበረ።

ስንለያይ ጓንቶቹን ሰጠሁት። በኔ ልክ የተገዙ ናቸው፤ አልገቡለትም። አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

የሚቀጥለው ጨዋታ ከከተማ ውጭ ነው። ማርላ ትነዳለች፣ ሃርላንን መንገድ ላይ እንጭነዋለን። ኮቱ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፣ ከኮፍያዎችህ ጎን።

ደህና እደር፣ የኔ ጌታ።

እናትህ ዩላ፣
ጫማዋን ገና ያልጠረገችው