የጓሯችን ዛፍ ባሕር ዛፍ አይደለም

ኦክላንድ፣ ኦክቶበር 1986

አበራዬ፣

አብሮን የሚኖረው ወንድምህ ተስፋዬ ትናንት መጋዝ አምጥቶ ከጓሮው በር አጠገብ አቆመ።

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። ልጅህ ደህና ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። የተለወጠው ተስፋዬ ነው። ቫን ገዝቶ ማቆሚያ አጣና ዓይኑን ዛፋችን ላይ ጣለ። ሳን ሆዜ ለምትኖረው አከራያችን ደውሎ፣ «ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ንፋስ ሲመጣ ጣራው ላይ ይወድቃል» ብሏታል። እኔን ደግሞ፣ «እትዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ባሕር ዛፍ እኮ ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል» ይለኛል።

እያወቀ ነው። ከካርቱም በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ጉንፋን ሲጥልህ፣ ባሕር ዛፍ መስሎህ ቅጠሉን ሸምጥጠህ በድስት አፍልተህ፣ ጋቢ ተከናንበህ ስትታጠን አጠገብህ ማን ነበር? ላብ በላብ ሆነህ ብቅ አልክና «ይሄ ነገር ምንም አይሸትም» ስትል ከወንበሩ እስኪወድቅ የሳቀው እሱ ነው። «ጎመን የታጠነው ወንድሜ» እያለ ስንት ጊዜ አበሸቀህ። አፉን ለማስያዝ ነው ቅርንጫፉን ይዘህ ችግኝ መሸጫ ሄደህ፣ በርች እንደሚባል ጠይቀህ የመጣኸው።

ያሳየኸኝን አልረሳሁም። የባሕር ዛፍ ልጥ ቁልቁል በረጅሙ ይላጣል፤ የዚህ ግን ነጭ ነው፣ ግንዱን ዞሮ እንደ ወረቀት ይነሳል፣ ጥቋቁር አግድም ሰረዞች አሉበት። ቅጠሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ጫፉ ሹል፣ ዳሩ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ፤ ቢያሹት አይሸትም። ትንሽ ጣት የምታክለው ፍሬው በእጅ ሲነኳት ትበተናለች። በብርዱ ወራት ደግሞ ራቁቱን ይቀራል። ባሕር ዛፍ መቼ ቅጠሉን አራግፎ ያውቃል?

ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ብነግረው፣ «የሞተ ሰው ዛፍ ነው፣ ተይው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። ሙት ዓመትህ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ እንደሚያለቅስ ሳስበው ያንገሸግሸኛል። አንተንም ተቀይሜሃለሁ፤ «ተስፋዬ አለልሽ» ብለኸኝ ነው የሄድከው።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ግን ገና አልረገፈም። በዚያው ድስት አፍልቼ ከጋቢህ ጋር አቀርብለታለሁ። አከራያችን ፊት ይከናነብና ምን እንደሚሸት ይንገራት። ዛፉ ቢቆረጥም ባይቆረጥም፣ ያን ቀን ከጋቢው ብቅ ያለውን ፊትህን አልረሳም።

አከራያችን መጥታ አይታ የምትወስነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መጋዙ እስካሁን በሩ ላይ ነው።