ዘሃራ ከሰላምታው ስትጀምር

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ደሴ

ዛሬ ተማሪዬ ዘሃራ ለመጀመሪያ ጊዜ የበሽተኛ ቁስል አጠበች። ይቺ የሐርቡ ልጅ የነርስነቱን ትምህርት የምታጠናው በልጅነቷ ቁርአን እንደቀራችው ነው፤ እየተወዛወዘች፣ በቃሏ። መሃል ላይ ካቋረጧት ከመነሻው ካልጀመረች አይሆንላትም። መነሻው ደግሞ እኔው ያስተማርኳት ነው፤ ሰላም ማለትና ስምን መናገር።

የፈራሁት አልቀረም። "አሰላሙ ዓለይኩም አባባ፣ ዘሃራ እባላለሁ፤ ቁስልዎን ላጥብልዎት ነው" ብላ ጓንቷን ስታጠልቅ፣ ከገራዶ የመጡት ሼህ ይመር "ያማል እንዴ?" አሏት። ጠፋባት። ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ እንደገና "አሰላሙ ዓለይኩም አባባ፣ ዘሃራ እባላለሁ..." እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ "ወዓለይኩም ሰላም የኔ ልጅ" አሉ። ሳቄን በጋውኔ እጅጌ ሸፈንኩ። ቁስሉን ግን ዘሃራዬ፣ የኔ ሆድ፣ አሳምራ ጨረሰች።

ልንወጣ ስንል "ነገም ይቺው ልጅ ትምጣልኝ" አሉኝ።

"ታደክምዎታለች እኮ" አልኳቸው።

"ሰላምታ ምን ያደክማል?" አሉና ትኩር ብለው አዩኝ። "አንቺስ የኔ ልጅ? እዚህ ስትመላለሺ ሰነበትሽ፤ ማን ልበልሽ?"