ወለሉ ዳነልኝ

ዳነ እኮ እትዬ! ወለሉ ዳነ! ቤቱ አይሸጥም፣ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ አንቺ ጋ አልመጣም!

ውይ፣ ሰላምታውን ዋጥኩት። እንደምን ሰነበትሽልኝ ታላቅ እህቴ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጅሽን ሳሉ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ብቻም አይደለሁ፣ ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ ሁለቴ ተነስቼ ሳሎኑን አይቼ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ በተነሳው ጣውላ ተደናቅፈሽ ልትወድቂ ስትይ፣ «ይሄ ቤት ሳይሰብርሽ ሽጪውና እኔ ጋ ነይ፤ ባልሽ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነ፣ ለማን ብለሽ ነው?» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እኔም እስከ ወሩ መጨረሻ ወለሉ ካልተሠራ እሸጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁልሽ። አንቺ ስትሄጂ እዚያው ጣውላ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልነገርኩሽም። ለክፋት እንዳላልሽው አውቃለሁ፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ትቼ በሰው ቤት፣ የእህቴም ቢሆን፣ እንግዳ ሆኜ ማርጀት ፈራሁ።

አናጢ ፈለግሁ። ሁለቱ አይተው «ነቅሎ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው» ብለው ሄዱ። ሦስተኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ተንበርክከው ጣውላውን በጣታቸው አንኳኩት፣ ልክ ሐኪም ደረት እንደሚያንኳኳ። ከዚያ ቀና ብለው «ይቅርታ እመቤት፣ ይሄን ወለል በባልዲ ውሃ የሚያጥበው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኛ! በየሳምንቱ! አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅ!» አልኩ በኩራት።

«እንግዲያው የገደሉት እርስዎ ነዎት። ጣውላና ሰካራም አንድ ናቸው፤ በጠጡ ቁጥር ያብጣሉ።»

ሙቺ እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ በወለሌ ሁኔታ ደግሞ ሩቅ ምኞት አልነበረም።

ሥራው ሳምንታት ፈጀ። የበሰበሰውን አወጡ፣ የቀረውን ላጉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ፣ ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ቀቡ። ሻይ ይዤላቸው በቆምኩ ቁጥር ያስተምሩኛል፦ አሸዋ እንጨት ይቧጭራልና መጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ መጥረግ ነው፤ ከዚያ ጠብ እስከማይል በተጨመቀ ጨርቅ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መወልወል፤ የወንበር እግር ሥር ደግሞ ወፍራም ጨርቅ መለጠፍ። እሳቸውም ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸውን የሚወለውሉት ራሳቸው ናቸው። ይሄን በጨዋታ መሀል ነው የነገሩኝ፣ እኔ አልጠየቅኩም። እሺ፣ ጠየቅኩ።

ሐሙስ ዕለት ጨርሰው ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ወለሉ ፊትሽን ያሳይሻል። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን መሀል ባልዲ ሙሉ ውሃ ተደፋ። እንዴት ተደፋ አትበይኝ። ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ ባልዲው ከመታጠቢያ ቤት ተነስቶ በእግሩ አልመጣም።

ከተደፋ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፣ ለአንቺ የገባሁት ቃል አለ፣ ቫርኒሹም ገና አልጠናም! ደወልኩላቸው፤ እየሮጡ መጡ። ያበጡትን ሦስት ጣውላዎች ሲያዩ «አንቺ ሴትዮ! ይሄን ሁሉ ነግሬሽ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ደግሞ አፈሩ። «ይቅርታ እመቤት፣ አፌን አዳልጦኝ ነው።»

«ወለሉ ነው ያዳለጠዎት» አልኩ፤ «ደግሞም አልከፋኝም።» እውነቴን ነው። ከአንቺ በቀር በዚህ ዕድሜዬ ማን አንቺ ይለኛል?

ሦስቱን ጣውላ ለመቀየር ሰባት ቀን ፈጀበት። ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ አይቸኩልም። ትናንት አለቀ፣ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው! ዛሬ ጠዋት በዚህ ሲያልፍ ቫርኒሹ መድረቁን ለማየት ጎራ አለ። ደርቋል። ነገም ያየዋል።

እንግዲህ እትዬ፣ ያዘጋጀሽልኝን ክፍል ለልጅሽ ስጪያት። አልተቀየምኩሽም፤ እንደ አንቺ የሚያስብልኝ የለም። ባትቆጪኝ ኖሮ መቼ አናጢ እፈልግ ነበር? ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ውይ፣ የወለሉን ምርቃት ቀን ሳልነግርሽ ፈረምኩ! አንቺ፣ ልጅሽ፣ ወንድማችን ከነሚስቱ፣ የአጎታችን ልጆች፣ አንድ ሰው እንዳይቀር። «ለወለል ብላ ነው ይሄን ሁሉ ዘመድ የምትጠራው?» የሚል ካለ «አዎ፣ ለወለል ነው» በይልኝ። አንቺ ግን ደህና ልብስሽን ልበሺ፣ ከሁሉም ቀደም ብለሽ ነይ። የመጪው ወር ሁለተኛው እሑድ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት!