ጩኸቴን ለቀማኝ የገደል ማሚቶ

ለክቡር አቶ አንዷለም፣
የገደል ማሚቶ የማኅበረሰብ ሚዲያና ኪነ ጥበብ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልን? የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የማይክሮፎንዎም ጤና እንዴት ነው? የእኔን የጠየቁ እንደሆነ፣ በየማለዳው በማዕከልዎ ራዲዮና በድምፅ ማጉያው ስለሚያሰሙኝ ደኅንነቴ እንደማይጠፋዎት አምናለሁ። እኔ ከከተማው በላይ ባለው ተረተር የምኖር፣ የቅኔ ትምህርቴን ጀምሬ ጥዬ ሞፈር የጨበጥኩ፣ የሁለት በሬ ባለቤት ገበሬው ይሄይስ ገብረ አማኑኤል ነኝ። ማዕከልዎ ግን ሳልጠይቅ «የደጋው እንጉርጉሮ አባት» ብሎ ሾሞኛል። እስካሁን ሹመት ያዳብር ያለኝ ሰው ባይኖርም፣ ስለ ሹመቱ እጅ እነሣለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለፈው ጥር ዳለቻ የምንለው በሬዬ ከግጦሽ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ተረተሩ ላይ ወጥቼ በአገሬ ቋንቋ በኽምጣኛ ስጣራ፣ የተራራውን ባህል ሊቀርጹ የወጡት ባለሙያዎችዎ ከቋጥኙ ሥር አድፍጠው ኖሯል። ቀረጹኝ። ምን እንደምል አልጠየቁኝም፤ እኔም በሬ ስፈልግ ሰው አላየሁም። ዳለቻ የዚያኑ ዕለት ከጎረቤት የገለባ ክምር ሥር ሆዱን ነፍቶ ተገኘ። በእኔ በኩል ጉዳዩ እዚያው አለቀ። በእናንተ በኩል ግን ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ልክ ዜና ሊነበብ ሲል፣ ዳለቻ እንደገና ይጠፋል።

ባህላችን ተረስቶ እንዳይቀር መድከማችሁን ከልቤ አከብራለሁ፤ ይህንንም ለማስመሰል አላልኩትም። ለእኔ የተረፈኝን በረከት ግን በተራ በተራ ልዘርዝርልዎ።

፩ኛ/ ስለ ትርጉሙ። እኔ ያልኩት፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ ዳለቻ በሬ ያየ ሰው ለውዴ ያስረክብልኝ ነው። ውዴ ባለቤቴ ናት፤ ክርስትና ስትነሣ ሳይሆን ስትወለድ የወጣላት ስም ነው። ኽምጣኛ የማይሰሙት የማዕከልዎ ተርጓሚ ግን በዜማዬ ልባቸው ተነክቶ፣ «አንቺ ዳለቻ፣ ቅስሜን ሰብረሽ የሄድሽ፣ ውዴ ሆይ፣ ልቤን መልሺልኝ» ብለው በአማርኛ አስነብበውታል። ከሌላ አገር መጥተው ደብራችንን የሚያገለግሉት የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ኪዳንም ይህንኑ አማርኛ ሰምተው አስጠሩኝና ዳለቻ የምትባለው ማን እንደሆነች ጠየቁኝ። በሬ ነው ብላቸው ጭራሽ ደንግጠው የንስሐ ስግደት አዘዙኝ። ተርጓሚው ግጥም ስላማረላቸው ስግደቱን የሰገድኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ አሁንም ሲነካ ያመኛል። ውዴ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሰምታ ስለማታውቅ፣ ለራዲዮኑ ጊዜ ምላስህ ማር ነው እያለች እራት ባቀረበች ቁጥር ታኮርፈኛለች።

፪ኛ/ ስለ እንግዶቼ። ራዲዮናችሁ አበርገሌ ድረስ እንደሚሰማ ያወቅሁት በማስታወቂያ አይደለም። ምንዋጋው የሚባሉ ደግ ሰው በየማለዳው የምለምነውን ሰምተው፣ ኽምጣኛም ያውቃሉና በሚገባ ተረድተውት፣ ይህ ምስኪን እስከ መቼ ይጮኻል ብለው፣ መኪና የሚሸሸውን መንገድ በእግራቸው ይዘው አንድ ባለቤት የሌለው የመሰላቸውን ዳለቻ በሬ እየነዱ ደጄ ደረሱ። የእኔው ዳለቻ በረት ውስጥ ተኝቶ ሲያመሰኳ ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሰውየውንም በሬውንም አብልቼ አሳድሬ ሸኘሁ። ወዲያው የበሬው እውነተኛ ባለቤት ዱላውን ይዞ መጣና በበሬው ላይ ምን ጉዳይ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ በሬ የጠፋበት ሰው ሁሉ ፍለጋውን የሚጀምረው ከእኔ በረት ነው። ስለ ዝናዬ ማዕከሉን አመሰግናለሁ።

፫ኛ/ ከድምፄ ሥር ስለሚገባው ዋሽንት። እኔ ዋሽንት አልነፋም። ይኸው ነው።

፬ኛ/ ስለ ጩኸቱ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ልተወውና የሆዴን ልንገርዎ። በእኛ ተረተር ሰው ያለ ጉዳይ አይጮኽም። ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ ስልኩ የሰው ጉሮሮ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ቃሬዛ ስትፈልግ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲጠፋ አንዱ ይጮኻል፣ ከማዶ ያለው ተቀብሎ ለቀጣዩ ያሻግራል። አባቴ ሲያስተምሩኝ ጩኸት እንደ መሐላ ነው፣ በከንቱ አይወጣም ይሉኝ ነበር። እናንተ ደግሞ ከቁርስ በፊት በዋሽንት ታወጡታላችሁ።

ባለፈው ሰኞ ዳለቻ የምሩን ጠፋ። ሐምሌ ነው፣ መሬቱ ርሷል፣ የጤፉ ዘር በአቁማዳ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ ደግሞ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ተረተሩ ላይ ወጥቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ተጣራሁ። ከማዶ ያሉት ጎረቤቴ አቶ ካሳ ተቀብለው ያሻግሩልኛል ስል፣ ከደጃቸው ሆነው ያንን ራዲዮ ዝጉልኝ ሲሉ ሰማኋቸው። ከታችኛው መንደር አጨበጨቡልኝ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ የምትባለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ፣ ዋሽንቱ ስለቀረ ነው መሰለኝ፣ የራዲዮኑ ይሻላል ብላ አስተያየቷን በጩኸት ላከችልኝ። አንድም ሰው ከቤቱ አልወጣም። ብቻዬን ገደል ለገደል ስዞር ሰነበትኩ።

«ጩኸቴን ቀሙኝ» ሲባል እስከ ሰኞ ድረስ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህ ሳምንት ካለፈ የዘንድሮ ጤፍ እንዳመለጠኝ ነው፤ ከዚያም በላይ፣ ነገ የምጮኸው ለበሬ ሳይሆን ለውዴ ቢሆን ማን ይመጣልኛል ብዬ እፈራለሁ። ስሙን ለማዕከሉ የተዋሳችሁት የገደል ማሚቶ እንኳ ሰው ያለውን አንዴ ወይ ሁለቴ ደግሞ ዝም ይላል። ስለዚህ ጥሪዬን ከማለዳው ፕሮግራም አውጥታችሁ በመደርደሪያ እንድታስቀምጡልኝ፣ ይህ ባይሆን እንኳ በተሰማ ቁጥር ከኋላው «በሬው ተገኝቷል፣ ሰውየውም ሌባ አይደለም» የሚል ቃል በጨዋ አማርኛ እንድታስከትሉልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

የማዕከልዎን ማማ ከመብረቅ፣ ካሜራዎን ከአቧራ፣ ተርጓሚዎን ከኽምጣኛ ጠብቆ ያኑርልኝ እያልኩ፣ የከበረ ሰላምታዬን ከተረተሩ ጫፍ ቁልቁል እልካለሁ።

በየማለዳው ሲጮኽ ሁሉ የሚያዳምጠው፣ ማንም ግን የማይሰማው፣
ይሄይስ ገብረ አማኑኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማዕከልዎ በር ላይ ልለጥፍ ስወርድ ዳለቻን በግቢዎ ውስጥ አገኘሁት። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኸው ነው። ዘበኛዎ አቶ የሻምበል እንደነገሩኝ፣ ሰኞ ማለዳ ድምፄ በማጉያው ሲለቀቅ ሰተት ብሎ ገብቶ ከማጉያው ሥር ቆመ። እሳቸውም ለባህል ሳምንቱ የመጣ መስሏቸው ለጎብኚ ከተሠራው ባህላዊ ጎጆ ምሰሶ ላይ አስረውታል፤ የጎጆውን የሣር ክዳን ግማሹን ስለበላው ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንገቱ ላይ «የደጋ በሬ፤ መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። አቶ የሻምበል ያለ እርስዎ ፊርማ ቅርስ ከግቢ አይወጣም ስላሉኝ፣ ዝናቡ ሳያባራ ይፈርሙልኝ። ደግሞም ለወራት ጥሪዬን ካሰማችሁት ፍጥረት ሁሉ ያልኩትን በትክክል ተረድቶ ከደጃችሁ የመጣላችሁ እሱ ብቻ ነውና፣ የተርጓሚነቱ ቦታ ክፍት የሆነ እንደሆነ ያስቡበት። ሥራ የሚጀምረው ግን እርሻው ሲያልቅ ነው።