ጣቴ ያረፈበት ገጽ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የባለቤትሽ የጋሼ ሳል ተወት አደረጋቸው ወይ? አባባስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው ልል ብዕሬን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም እታለም። ጨንቆኛል።

ባለቤቴ ሆዷ ውስጥ እብጠት እንደተገኘባት ነግሬሻለሁ። ሐኪሙ ቶሎ በቀዶ ጥገና ይውጣ ብሎ ነበር። ያልነገርኩሽ እኔ ያደረግሁትን ነው። የዚያን ዕለት እንደ ልማዴ፣ ስትሸኚኝ የሰጠሽኝን የራስሽን መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩና ገልጬ ጣቴን አሳረፍኩ። ታውቂኛለሽ፣ ሥራ ስቀይርም ቤት ስከራይም እንደዚሁ ነኝ፤ አንዴማ ጫማ ልግዛ ወይስ ልተው ብዬ ስገልጥ ደርሰሽብኝ ሆድሽን ይዘሽ ስቀሻል። ጣቴ ያረፈው ለሞት የታመመው ንጉሥ ጸሎቱ ተሰምቶ ዕድሜ የተጨመረለት ቦታ ላይ ነበር። በማግሥቱ ደገምኩት፤ እዚያው። ሠለስኩት፤ አሁንም እዚያው። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻኛል? ባለቤቴን «ጌታ ተናግሯል፣ ቢላዋ አይነካሽም» አልኳት። አመነችኝ። ሐኪሙ ቢለምነን፣ ቢቆጣን አሻፈረን አልን። ሰባት ሳምንት አለፈ።

ባለፈው ሰኞ ሽፋኑ ስለላላ ላድሰው ብዬ መጽሐፉን ወደ ሥራ ወሰድኩት። ያው ያረጁ መጻሕፍት የምንጠርዝበት ክፍል ነው፤ መርፌ፣ ክር፣ ሙጫ። አለቃችን፣ «አባ ሙጫ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ መጽሐፉን በጀርባው አቁመው ለቀቁት። በራሱ ተከፈተ፤ የንጉሡ ገጽ ላይ። ደጋግመው አቆሙት፣ እዚያው። «ጀርባው እዚህ ጋ ተሰብሯል። ይሄን ገጽ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ከፍቶታል መሰለህ! ወረቀቱም እንባ ጠጥቷል» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት መጽሐፍ ስጠርዝ የኖርኩ ሰው፣ መጽሐፍ ብዙ በተገለጠበት ገጽ በራሱ ይከፈታል ብዬ ለደንበኛ የማስረዳውን ለራሴ ሳላየው ቀረሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ።

ያ ሰው ማን እንደሆነም ገባኝ። እማዬ ታማ አልጋ ላይ በነበረችበት ዓመት ትገልጪው የነበርሽው አንቺ ነሽ። እማዬ ግን ሞተች፣ እታለም። ለካ እስከዛሬ የቆምኩት በቃሉ ላይ ሳይሆን በተሰነጠቀ ሙጫ ላይ ነው ብዬ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በንዴት ገጹን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ከጣቴ በታች ያለውን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ። ለካ ነቢዩ ተስፋውን ከነገረው በኋላ፣ ለቁስሉ በለስ ጠፍጥፈው እንዲለጥፉለት አዟል! ንጉሡ ተስፋውንም መድኃኒቱንም ተቀብሏል። ቃሉ አልዋሸኝም፤ አፉን ይዤ ያላስጨረስኩት እኔ ነኝ። አባባ «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ፣ የእግዚአብሔር ቃል ሎተሪ አይደለም» ሲሉን እኔ ስስቅ ነበር።

የዚያኑ ቀን ሮጬ ለቀዶ ጥገናው ፈረምኩ። ነገ ጠዋት ትገባለች። ሐኪሙ «ያኔ ቢሆን ኖሮ...» አለኝ። እሷ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አንብብልኝ፤ ግን ዛሬ አንተ አትምረጥ፣ ካቆምክበት ቀጥል» ብቻ አለችኝ። አነብላታለሁ። በእኔ ጥፋት ከሄደች በምን ዓይኔ መጽሐፉን እንደምገልጥ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በገጹ ጠርዝ ላይ በከፈትሽው ቁጥር በእርሳስ ቀን ትጽፊ ነበር። የመጨረሻው እማዬን በቀበርን ማግሥት ነው። የለመንሽውን ከተከለከልሽ በኋላም ተመልሰሽ ከፍተሽዋል። ምን አገኘሽበት? መልስሽ ለነገ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ጻፊልኝ፤ ከነገ በኋላም ማንበብ አለብኝ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልክ ነበሩ ብሏል በያቸው። ጋሼን እጅ ነስቷል በያቸው። ትልቋን ልጅሽን በትምህርቷ እንድትበረታ ምከሪልኝ፣ ትንሹን ደግሞ ጉንጩን ግጥም አድርገሽ ሳሚልኝ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና «እታለም ትጸልይልኝ» ብላለች።

ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ መተላለፊያ፣ ከክፍሏ በር አጠገብ ካለው ወንበር
ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፱ ቀን