ከሥሩ የጻፍኩት

ኅዳር 4
ስምንት ጉርድ ፎቶ። ሁሉም ለፓስፖርት፤ ሁሉም ወጣት።
ከሰዓት ወዳጄ ሊድያ ከኮምቦልቻ ደወለች። የጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ዐውደ ርዕይ ልታዘጋጅ ነው። የሰው ፊት ብቻ፣ አምስት ላክ አለች። ለሳፊያ ብነግራት ሳቀች። “ሃያ ዓመት አንስተህ፣ በአርባ ስድስት ዓመትህ ጀማሪ ሆንክ?” ባሌ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እኔም ሳቅሁ... ግን ደስ ብሎኛል። ያነሳሁትን ፊት ሰው ቆሞ አይቶልኝ አያውቅም። ማኅተም አርፎበት መሳቢያ ይገባል፣ በቃ።

ኅዳር 11
ጎረቤቴ ጣሀ በጠዋት ስቱዲዮ መጣ። በሩን ዘጋ። የእህቱ ልጅ ሁዘይፋ ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ጀልባው ሰጥሟል። የተረፈ ጓደኛው ደውሎ፣ ሬሳውን አግኝተን ቀብረነዋል ብሏል።
የልጁ እናት እትዬ ሳሊሃ አልሰሙም። የዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ገና ሳምንቱ ነው። ሐኪሙ አንድ ወር ዕንባ እንዳይነካው ብሏል። የሰፈራችን ሸህ በሺር ወስነዋል፤ ወሩ ሲሞላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ መርዶው ይነገራቸዋል። እስከዚያ ጀዳ ያለችው ልጃቸው ፋኢዛም አትሰማም። ሰፈሩ አፉን ይይዛል።
“አንተም” አለኝ ጣሀ።
“ወላሂ” አልኩት።

ኅዳር 19
እትዬ ሳሊሃ መጡ። ብቻቸውን፣ ግድግዳ ሳይዙ።
“አንተ አብዱልወሀብ! ለካ ሸብተሃል! እኔኮ ጎረምሳ እየመሰልከኝ ነው የኖርኩት።”
ፎቶ ፈለጉ። ለሁዘይፋ። “ስልኩ ዝግ ነው፤ የሰው አገር ምኑ ይታወቃል። አንተ ላክልኝ፣ ሲከፍተው ይድረሰው። ዓይኔ እንደበራልኝ ይይ።”
እምቢ ማለት ነበረብኝ? ምን ብዬ? መብራት ጠፍቷል ብል... መብራቱ በርቷል።
መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳቸው። ሰባት ጊዜ ተጫንኩ። አምስተኛው... እንዲህ ያለ ፊት አንስቼ አላውቅም። ካሜራውን አይደለም ያዩት፤ ልጃቸውን ነው።
ለሁዘይፋ ስልክ ላክሁ፤ ፊታቸው ቆሜ። ምን ላድርግ።

ኅዳር 20
ለሊድያ አምስቱን ላክሁ። የእትዬ ሳሊሃን ጨምሬ። አላስፈቀድኩም። ለምን ላክሁት? ጥሩ ስለሆነ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኅዳር 24
ሊድያ፦ “እኚህ ሴትዮ መሃል ግድግዳ ላይ ናቸው። ግን ከሥር አንድ መስመር ጻፍልኝ። ካልተጻፈ ሰው ‘ደስ የሚሉ እናት’ ብሎ ያልፋል።”
ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። “እናት።” “ከሆጤ።” በመጨረሻ የላክሁት፦ “ሳሊሃ፤ የልጇ መርዶ ያልደረሳት።”
ኮምቦልቻ ነው። ከሰፈራችን ከሆጤ ማን ወርዶ ያያል?

ኅዳር 30
አዳራሹ ሞላ። ሰው እሳቸው ፊት ይቆማል፣ ያነባል፣ እንደገና ቀና ብሎ ያያል። አንዲት ተማሪ አለቀሰች። ሊድያ ክንዴን ይዛ “አየህ?” አለችኝ። አየሁ። ደስ አለኝ። እዚህ ካልዋሸሁ... ደስ አለኝ።
ሰዉ በየስልኩ ያነሳ ነበር። ምንም አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 2
ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። ከነመስመሩ። ፋኢዛ ጀዳ ሆና አየችው። የእናቷን ፊት፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን። ወንድሟ እንደሞተ ከእኔ ጽሑፍ አወቀች።
ለእናቷ ደወለች። የሰሙ መስሏት። “ሁዘይፋን ደበቃችሁኝ?” ብላ ጮኸች።
ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። ወንዶቹ ዙህር ሶላት ላይ፣ ሴቶቹ ገበያ። የሚይዛቸው ሰው አልነበረም። ጎረቤት ሲደርስ ደጃፉ ላይ ወድቀው ነበር፤ ስልኩ ከእጃቸው አልወጣም፣ ፋኢዛ ውስጡ ትጮሃለች።
ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ታኅሣሥ 3
ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ጣሀ በር ላይ ነበር።
“ወላሂ ብለኸኝ ነበር።”
“አፉ በለኝ” አልኩት።
ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 5
ሊድያ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችልኝ። ከሰው ስልክ ማን ያወርደዋል?

ታኅሣሥ 22
እትዬ ሳሊሃ መጡ። ጣሀ እጃቸውን ይዞ አስገባቸውና ውጭ ቆመ። የታከሙት ዓይን ቀልቷል፣ ያነባል።
“ስታነሳኝ ታውቅ ነበር?”
“አውቅ ነበር።”
“ፈገግ ይበሉ አልከኝኮ።”
ብያለሁ። ያን ቀን እዚህ አልጻፍኩትም።
አፉ ይበሉኝ አልኩ። “እኔማ አፉ ብያለሁ። ለአላህ አንተው ንገረው” አሉ። ፎቶውን ጠየቁኝ። ትልቁን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት፣ አራቁት።
“ደብዛዛ ነው” አሉ።
አይደለም። ፎቶው ጥርት ያለ ነው።

ጥር 6
ሊድያ ደወለች። አዲስ አበባ ሊያሳዩት ይፈልጋሉ። የለኝም፣ አጥፍቼዋለሁ አልኳት።
አላጠፋሁትም።

የካቲት 3
ከሱብሂ ሶላት በኋላ ስቱዲዮ ልከፍት ስወጣ ሰፈሩ በሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ የጎረቤቴ የሞላ ደጅ ላይ ቆሟል። ሞላ ከስቱዲዮዬ ጎን ልብስ ሰፊ ነው። ሸህ በሺርም፣ ጣሀም፣ ሽማግሌው ገብረ ማርያምም አሉ። ጩኸቱ ከውስጥ ተነሳ።
ወንድሙ አዲስ አበባ ከሞተ አምስት ቀኑ። ከሞላና ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ትናንት ከሞላ ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ስለ ወንድሙም አውርተናል።
ሳፊያ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ቀድማኝ ነው የወጣችው።
“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።
ፊቷን ወደ ለቅሶው አዞረች።
“ትጽፈዋለህ ብለን ነው።”