ከተሳቢ ወደ አውቶቡስ

ሰኞ፣ ጥር 5

የከተማ አውቶቡስ ድርጅቱ ማመልከቻዬን መለሰው። ምክንያት፦ የያዝኩት መንጃ ፈቃድ ለሕዝብ ማመላለሻ አያገለግልም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳቢ የጎተትኩበት ፈቃድ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት አንዴ ብቻ አየችውና መለሰችልኝ።

«ያንተ የጭነት ነው።»

«ከዚህ በላይ ፈቃድ አለ እንዴ?»

«ከላይ አይደለም አባቴ፣ ከጎን ነው። አውጥተህ ና፣ ቦታው አለ።»

ከጎን... መንገዱን ሁሉ ይህንኑ እያሰብኩ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ለሚስቴ ነገርኳት። የነርስ ልብሷን እያጠፈች ነበር። እጇ አላቆመም።

«ስለዚህ ዘንድሮም አይሆንም» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

የማደንዘዣ ሕክምና ልትማር ነው። ሁለት ዓመት፣ ማታ ማታ ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ያለበት። ሁለት ጊዜ ተቀብለዋት ሁለቱንም ጊዜ ተወችው፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ማታ ብቻዋን አትተውም። አማቴ ትይዝልናለች ብለን ነበር። እሷም ጉልበቷ እምቢ ብሏት ወንድ ልጇ ጋ ገባች። አሁን ሦስተኛ ጊዜ ተቀብለዋታል። ምዝገባው መጋቢት 10 ያበቃል። ይህን ካሳለፈች አራተኛ የለም።

አውቶቡስ ብነዳ የጠዋቱን ፈረቃ ይዤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ። ቃል የገባሁላት ይህንን ነው።

«እስከዚያ አወጣዋለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ፈቃዱን።»

«እስኪ እናያለን» አለችና ልብሷን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተች።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ዋልኩ። ያስተናገደኝ ሰው ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ሻዩ የቀዘቀዘበት፣ ትዕግሥቱ ግን ያላለቀ። ለስንተኛ ሰው እንደሚያስረዳ እንጃ።

«ሞተር ሳይክል ለብቻው፣ ባለ ሦስት እግር ለብቻው። አውቶሞቢል እንደ መግቢያ በር በለው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለያያል። አንዱ ወደ ጭነት፣ አንዱ ወደ ሕዝብ ይሄዳል። ጭነትም ደረቅና ፈሳሽ አለው፣ ቦቴ የሚነዳው ሌላ ነው። ክሬንና ቡልዶዘር ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ናቸው።»

«እኔ የደረቅ ጭነት መጨረሻው ላይ ነኝ።»

«ነህ። በደረቅ ጭነት ከአንተ በታች ያለውን ሁሉ መንዳት ትችላለህ። ሃምሳ ሰው አሳፍረህ ግን ከዚህ በር አትወጣም።»

«ሠላሳ ቶን ሲሚንቶ ቁልቁለት አውርጃለሁ እኮ!»

«ሲሚንቶው ተነሥቶ ቆሞ ነበር?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ደግነቱ ከባዶ አልጀምርም። ያለኝ ፈቃድ ሥልጠናውን ያሳጥርልኛል። የሕክምና ምርመራ፣ ትምህርት፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ልምምድ፣ የተግባር ፈተና። ዓመት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ተነፈስኩ።

ወጥቼ ለምነዳለት ባለ መኪና ደወልኩ፣ ዕረፍት እንዲሰጠኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ልማር ነው።»

«አንተ? ምን ልትማር?»

«መንዳት።»

እስኪያስለው ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ምርመራ። ዓይን ደህና። ግራ ጆሮ ትንሽ ደከም ብሏል፤ የጋቢናውን መስኮት ከፍቶ የመንዳት ውጤት ነው ይላል ሐኪሙ። ለፈቃዱ ግን ይበቃል።

«ሚስቴ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው የምታወራኝ» አልኩት።

«እሱ ላይ እኔ አልፈርምም» አለ።

ሰኞ፣ ጥር 19

ትምህርት ጀመርን። አብዛኞቹ ከታክሲ የመጡ ናቸው። በዕድሜ የሚበልጠኝ የለም። አሰልጣኟ አጭር ሴት ናት፣ ራሷ አውቶቡስ የነዳች፤ ድምጿ ግን ከቁመቷ ጋር አይገናኝም። ሁላችንንም ምን እንደነዳን ጠየቀችን። «ተሳቢ» አልኩ። በቃ፣ ስሜ እሱ ሆነ።

አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ታክሲ አፉ አያርፍም።

«ጋሽ ተሳቢ፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ቤት መግባት አምሮኝ ነው።»

«ይገርማል። እኔ ከቤት መውጣት አምሮኝ ነው የመጣሁት።»

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ልጄ ትፈትነኛለች። መጽሐፉን ይዛ፣ አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ።

«አውቶቡስ ነዳጅ ሲሞላ ተሳፋሪው የት ይሆናል?»

«ውስጥ።»

«ስህተት! ይወርዳል።»

«እኔ ስሞላ ማንም ስለሌለ ነው።»

«ሰበብ! ዜሮ!»

ሃያ ጥያቄ ጠይቃኝ አራቱን ሳትኩ። ስታስብ ፀጉሯን በጣቷ ትጠቀልላለች። መቼ ነው የጀመረችው? እናቷን ጠየቅኳት። «ከድሮ ጀምሮ» አለችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ማውሱን ከመያዝ መሪ መያዝ ይቀላል። ባለ ታክሲውም አለፈ፣ ለጥቂት። ሚስቴ «ጎበዝ» አለች። ደስ ብሏት ነው ወይስ እንዲያው ለነገሩ?

ሰኞ፣ የካቲት 10

ልምምድ። የአሰልጣኟ ዘዴ እንዲህ ነው፦ አንዱ ይነዳል፣ ሌሎቻችን መሐል ላይ ምንም ሳንይዝ እንቆማለን። ሚዛኑን ለመጠበቅ እግሩን ያንቀሳቀሰ ሰው «እግሬ!» ብሎ ይጮሃል።

የእኔ ተራ ደረሰ። ገና ከግቢው ሳንወጣ አውቶቡሱ «እግሬ! እግሬ! እግሬ!» ሆነ። ባለ ታክሲው ደግሞ «ወገቤ!» ጨመረበት።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን መጨረሻ ላይ ነው የሚረግጡት» አለች አሰልጣኟ።

«ከቆመ ምናለበት?»

«መኪናው ቆሟል። ሰዎቹ ናቸው የቀጠሉት።»

የታሰረ ጭነት እንደዚህ አያደርግም። ከልቤ ነው ያፈርኩት... ፍሬን አያያዝ ሰው ያስተምረኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ዛሬ ደግሞ መታጠፍ። በየመስቀለኛው መንገድ ሰፋ አድርጌ እገባለሁ። ልማድ ነው፤ የኋላው ተሳቢ የመንገዱን ጠርዝ እንዳይወጣበት።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አለችኝ አሰልጣኟ።

«የኋላውን።»

«የኋላው የለም ጋሼ። እቤቱ ነው።»

ዓርብ፣ የካቲት 14

ዛሬ አንድ «እግሬ» ብቻ። እሱንም ባለ ታክሲው ሆን ብሎ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ወደቅኩ።

ፈታኙ ምንም ሳይዝ ቆሞ ነው የሚሄደው። ሁለት ሠራተኞች እንደ ተሳፋሪ በየፌርማታው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ፍሬኑ ደህና፣ መታጠፊያው ደህና። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ቀኝ ስፖኪዮ አየሁ፣ ግራ ስፖኪዮ አየሁ፣ ፍሬቻ አሳየሁ፣ መንገዱ ነፃ ነው፣ ለቀቅኩ። የኋላው በር አልተዘጋም። ሴትዮዋ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ ነበር። አልወደቀችም፤ ግማሽ ሜትር እንኳ አልሄድኩም። ፈታኙ ግን «ሞተር አጥፋ» አለ። 

በውስጥ መስታወቱ አላየሁም። ለምን? ከኋላዬ በር ኖሮ አያውቅማ።

ባለ ታክሲው አለፈ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። እሱ እንኳ ለአንድ ጊዜ ዝም አለ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

መድገም ይቻላል፣ ተጨማሪ ልምምድ ከተወሰደ በኋላ። የሰጡኝ ቀን መጋቢት 9። ውጤት የሚለጠፈው መጋቢት 11።

የእሷ ምዝገባ የሚያበቃው 10።

ጸሐፊዋን አንድ ቀን እንድታስቀድምልኝ ለመንኳት። «አባቴ፣ ይህ ሁሉ ሰው እኮ የራሱ ቀን አለው» አለች። እውነቷን ነው። አዳራሹ ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ለሚስቴ ቀኖቹን ነገርኳት። 

«እንግዲህ ሳላውቅ ልመዘገብ ነው?»

«አልፋለሁ።»

«ባለፈውም እንደዚሁ ነበር ያልከው።»

«በር ነው የጣለኝ እንጂ መንዳት እኮ...»

«አልተቆጣሁም። እኔ የምፈልገው ማታ ልጄ ጋ ማን እንዳለ ማወቅ ነው። ተመዝግቤ፣ አንተ ወድቀህ፣ ሰኞ ተሳቢህን ይዘህ ብትሄድ ምን ላደርግ ነው? ከመሐል ላቋርጥ? ይልቅ አሁኑኑ ልተወው።»

 ልጅቷ በሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር ለካ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ልምምድ። ከእያንዳንዱ ፌርማታ ከመነሣቴ በፊት ጮክ ብዬ እንድናገር አሰልጣኟ አዛኛለች፦ «ውስጥ፣ በር፣ ውጭ።» ሳልናገር ከተነሣሁ ቁልፉን ትነቅለዋለች። ሁለት ጊዜ ነቀለችው።

ስወጣ ባለ ታክሲው ግቢው በር ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሽ ተሳቢ፣ የሚስቴ ወንድም ፍራሽ ያመርታል። ትንሽ የጭነት መኪና አለችው፣ ሹፌሩ ለቀቀበት። ከከተማ አትወጣም፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች። የያዙት ፈቃድ ይበቃል እኮ።»

«ከተሳቢ ወርጄ ፍራሽ?»

«ምናለበት? ቢገለበጡ እንኳ አይጎዱም።»

ክፍያዋ ከተሳቢውም ከአውቶቡሱም ጋ አትወዳደርም። አመስግኜው ሄድኩ።

እሑድ፣ የካቲት 30

የፍራሹ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ከአንተ በታች ያለውን ሁሉ መንዳት ትችላለህ ብሎኝ ነበር ያ የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ሰውዬ። ሰምቼዋለሁ። «በታች» የሚለውን ነው መሰለኝ ያልወደድኩት። ቤት ለመግባት ፈቃድ አልነበረም ማለት ነው የጎደለኝ? ኧረ እንጃ... አውቶቡሱን ግን እፈልገዋለሁ። እሱም እውነት ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ባለ መኪናው ደወለ።

«ተተኪው ሹፌር ጎማ ጨረሰብኝ፣ ፍሬን ሸማ ጨረሰብኝ፣ እኔንም ጨረሰኝ። የሦስት ወር የስኳር ጭነት ይዣለሁ፣ ሰኞ ሳምንት ይጀመራል። ትመጣለህ አትመጣም? እስከ ረቡዕ ቁርጡን ንገረኝ። ካልሆነ አንተ ጋ ያለውን ቁልፌን አምጣ።»

ረቡዕ። ሁሉም ነገር ረቡዕ ላይ ተደረደረ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ተፈተንኩ። ፈታኙ ያው የባለፈው ነው። አላወቀኝም፣ ወይም ያላወቀ መሰለ።

ውስጥ፣ በር፣ ውጭ። በየፌርማታው በከንፈሬ ብቻ። አንድ ሽማግሌ ሳይቀመጡ አልተነሣሁም፤ ለካ እሳቸው የእውነት የከተማ አውቶቡስ መስሏቸው ነው የገቡት፣ ፈታኙ በሚቀጥለው ፌርማታ አወረዳቸው። «ደህና ነዳኸኝ ልጄ» ብለውኝ ወረዱ።

ልንጨርስ ስንል አንድ አውቶሞቢል ያለ ፍሬቻ ፊቴ ገባ። ያዝኩት። ፍሬኑን ቀስ ብዬ ነው የረገጥኩት፣ ግን ፈታኙ እጁን ሰድዶ የመደገፊያውን ብረት ጨበጠ። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን ጻፈ?

አሰልጣኟን ጠየቅኳት።

«ብረት መያዙ ያስጥላል?»

«ቢወድቅ ያስጥላል። ሲይዝ... እንደ ፈታኙ ነው።»

«አንቺ ብትሆኚስ?»

«እኔ ድሮውንም ይዤ ነው የምቆመው» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። «አላውቅም ጋሼ። እውነቴን ነው።»

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

የተሳቢውን ቁልፍ ለባለ መኪናው መለስኩ።

«አለፍክ ማለት ነው?»

«ውጤቱ ነገ ነው።»

«ታዲያ ምን አጣደፈህ? ነገ አይተህ አትወስንም?»

«ሚስቴ የምትመዘገበው ዛሬ ነው።»

ቁልፉን እጁ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጠው። «ሰው ላገኝ አልችልም ይህን ያህል የምተማመንበት» አለ። ከጋቢናው ብርድ ልብሴንና የሻይ ፔርሙዜን አወጣሁ። ስንት ዓመት የኖርኩበት ነው... ያወጣሁት ዕቃ አንድ ፌስታል አልሞላም።

ከዚያው ሆኜ ለፍራሹ ሰውዬ ደወልኩ። አውቶቡሱ ካልሆነ ሰኞ ልጀምርለት ተስማማን። «ተሳቢ የለመደ ሰው መኪናዬን አይንቅብኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። አልንቅም አልኩት።

ሚስቴን ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቅኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ በቀኝ በኩሌ ቆማ።

«ቁልፉን መለስክ?»

«መለስኩ።»

«ብትወድቅስ?»

«ፍራሽ አድላለሁ። ማታ ቤት ነኝ።»

«ክፍያው ግን...»

«ያንሳል። ቀበቶ እናጠብቃለን። ስትጨርሺ ደግሞ አንቺ ትነጂናለሽ።»

አልሳቀችም። ሰዓቷን አየች። ከዚያ መራመድ ጀመረች፣ እኔም ተከተልኳት፤ መሮጥ ቀረሽ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደረስን። መዝጋቢዋ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀቻት፤ ዕድሜ፣ የሥራ ልምድ፣ የማታውን ልምምድ የሚያስተጓጉል የቤት ኃላፊነት። ልጅ እንዳላት ነገረቻት።

«ማታ ማን ጋ ትሆናለች?»

«አባቷ ጋ» አለች ሚስቴ። ፈረመች።

ትምህርቱ መጋቢት 22 ይጀመራል። የእኔ ውጤት ነገ ረፋድ ላይ ይለጠፋል። ልጄን ትምህርት ቤት ካደረስኩ በኋላ ሄጄ አያለሁ።